ብርቅርቅ ስታርሊንግ

ብርቅርቅ ስታርሊንግ፣ በሊቃውንት አጠራር ላምፕሮቶርኒስ ሱፐርቡስ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የግራር ምድር የሚኖር፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ኅብረ ቀለሙ ያማረ ወፍ ነው። ኢትዮጵያን የጐበኘው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ገልጾ ስም አወጣለት። ከጥቅጥቅ ደን ይልቅ ገላጣውን ቍጥቋጦ የሚወድና ከሰው መንደር የማይሸሽ በመሆኑ፣ በጅግጅጋ አካባቢና በፋፈን ሸለቆ ባሉት ግራሮች ተስማሚ መኖሪያ ያገኛል።

ራሱ ጠቆር ያለ፣ ጀርባውና ላይኛው ደረቱ በፀሐይ ጊዜ ሰማያዊና ሐመልማል የሚያንጸባርቅ፣ ሆዱ እንደ ሸክላ የቀላ ሲሆን፣ ደረቱን ከሆዱ የሚለየው ቀጭን ነጭ መቀነት፣ በዚያው በሶማሌ ምድር ከሚገኘውና መቀነት ከሌለው ከሼሊ ስታርሊንግ ለይቶ ያሳውቀዋል። ተባዕቱና እንስቲቱ በመልክ አንድ ናቸው፤ የጎልማሳው ዓይን ነጭ፣ የጫጩቱ ግን ጠቆር ያለ ነው።

ምግቡን፣ ይልቁንም ነፍሳትን፣ በምድር እየተራመደ ይለቅማል፤ ፍሬም ይበላል። ጎጆውን በእሾኻም ዛፍ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ማኅበራዊ ምግባሩ ነው፤ በመንጋ ሆኖ ድንበሩን ይጠብቃል፣ የመንጋውም አባላት፣ በሥጋ የማይዛመዱት ሳይቀሩ፣ የሌላውን ጫጩቶች ይመግባሉ፤ በኬንያ ለ20 ዓመታት የተደረገ ጥናትም ረጂው በሌላ ዘመን ተረጂ እንደሚሆን፣ ውለታውም እንደሚመለስለት አረጋግጧል። በሰማይ ለሚመጣው ጭልፊትና በምድር ለሚመጣው አውሬ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስላለው፣ ጦጣዎች እንኳ ድምፁን ለይተው ራሳቸውን ያድኑበታል።