«የላም በረት» የሚለው ማን ነው?

ተረት የአንድ ሰው ሥራ መስሎ ይታየናል። አያት ይናገራሉ፣ ልጅ ይሰማል፣ አለቀ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አያት ገና ሲጀምሩ «ተረት ተረት» ይላሉ፤ «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ካልተገኘ ተረቱ ከቦታው አይነሳም። ማሳረጊያውም ያው ነው፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። «መልሱ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ተረት ብድር ነው። የሰማ ሁሉ በተራው ሊናገር ዕዳ ገብቶ ነው የሚሰማው።

እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። «ምን አውቅልህ» የሚል ሰው በሌለበት እንቆቅልሽ የለም። መልሱ የጠፋበት ልጅ ደግሞ ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂው የተሰጠው ሀገር ገብቶ ስለሚያገኘው ድሎት እየተኩራራ ያበግነዋል። አዝማሪ ቤትም ብትሄዱ፣ ጎንደርም ይሁን የቀድሞው ካዛንቺስ፣ «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። በአጭሩ፣ የእኛ ጨዋታ ሁሉ በሁለት አፍ የሚነገር ነው።

ታዲያ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ተናጋሪውን ይዞ ይመጣል፤ መላሹን ግን በር ላይ ይተወዋል። ሰዉ በበኩሉ በጓሮ በር መግባቱን አልተወም።

መጽሐፍን እንውሰድ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ተረቶችን ሰብስበው «እንቅልፍ ለምኔ» ብለው አሳተሙ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ ተማሪ ቤት ገባ። ተማሪው መጽሐፉን አንብቦ አላስቀመጠውም፤ በቃሉ ይዞ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ወጣው። ወረቀት ላይ የሰፈረው ወደ አፍ ተመለሰ ማለት ነው።

ሬዲዮም እንዲያው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተረከው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ነው። ገጹን ገልጦ የማያውቅ ስንት ሰው ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቃቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው! ሬዲዮን መልስ አይቀበልም። ሆኖም ሬዲዮን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ጎረቤት ተሰብስቦ ያደምጥ ነበርና፣ የጉዱ ካሳ ደጋፊና ነቃፊ እዚያው ክርክር ይገጥም ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቴሌቪዥኑ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆችን ጊዜ የያዙት ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኋላው «አባባ ተስፋዬ»፣ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የተጫወቱ፣ ኮርያ ድረስ ዘልቀው የቃኘውን ወታደሮች ያዝናኑ ናቸው። የሕዝብ ፊት ለለመደ ሰው የካሜራ ፊት ግድግዳ ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም። አባባ ተስፋዬ ግን ግድግዳውን ልጅ አደረጉት። ሰላምታ ያቀርቡለታል፣ ደኅንነቱን ይጠይቁታል፣ የሰጣቸውን መልስ እንደሰማ ሰው ቀጥለው ያወጉታል። ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ወለል ላይ የተኮለኮለው ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ይመልስላቸው ነበር። ስቱዲዮ የገባው ልጅ ደግሞ ራሱ ተረት እንዲያወራ ይደረጋል። ከ40 ዓመት በላይ የዘለቁት በተረቱ ብዛት ብቻ አይመስለኝም። መላሹን አልረሱትም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ጎልማሳ ያንን «የላም በረት» ያለበትን ወለል ያስታውስ ነበር።

በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የግጥምና የወግ ምሽቶች በረከቱ። በራስ ሆቴል የነበረው ግጥም በጃዝ አንዱ ነው። ወጣቱ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ «ድገመው!» ይላል። አዝማሪ ቤት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢገባ እንግዳ አይሆንም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ወሩ ሳይወጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መድረኩ ተዘጋ። ምሽቱ ወደ ዙምና ወደ ዩቲዩብ ተሰደደ። በጎ ነገር አልታጣበትም፤ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ያለው ሰው በአንድ መስኮት ታደመ። እርግጥ አዲስ አበባ ሲመሽ ዋሽንግተን ገና ረፋድ ነውና የማታውን ተረት በጠራራ ፀሐይ የሚሰማ አለ። ይሁን። ችግሩ ሌላ ነው። የበይነ መረብ ስብሰባ የመጀመሪያ ሕጉ «እባካችሁ ማይካችሁን ዝጉ» ነው። ተናጋሪው «ተረት ተረት» ቢል መልሱ ጸጥታ ነው። ሁሉም ማይኩን ይክፈት ቢባል እንኳ ድምፁ ከየአህጉሩ እየዘገየ ስለሚደርስ «የላም በረት» ይበታተናል፤ ላሟ አንድ ቦታ፣ በረቷ ሌላ ቦታ።

ይህ የመድረክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ዛሬ የአማርኛ ተረት በዩቲዩብ ሞልቷል፤ ሥዕሉ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ ነው። ወላጅ ታብሌቱን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን «ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ አይናገርም» ሲሉ ስንቴ ሰምተናል? እስራኤል ውስጥ አያት በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል። አዲስ አበባም ቢሆን በአማርኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ሕፃን ብርቅ አይደለም። አይደንቅም። የሚሰማ ልጅ አሳደግን እንጂ የሚመልስ ልጅ አላሳደግንም። መልስ ያልተጠየቀበት ቋንቋ ደግሞ ጆሮ ላይ ያድራል እንጂ ምላስ ላይ አይወጣም።

ታብሌቱን ስበሩት አልልም። የአባባ ተስፋዬም ሣጥን ሣጥን ነበር። ልዩነቱ ወለሉ ላይ ነው፤ ያኔ ልጁ ብቻውን አልተቀመጠም። ስለዚህ ተረቱ ከዩቲዩብም ይምጣ፣ ከዙምም ይምጣ፣ አጠገቡ አንድ ሰው ይቀመጥና አብሮት «የላም በረት» ይበል። ሲያልቅም «በል አንተ ደግሞ አውራልኝ» ይበለው። ዳቦው ይቅር ግድ የለም፤ ተረቱ ግን ይመለስ።