የሐኪም እጅ፣ የነርስ እጅ፦ የአንድ ለአንድ ድጋፍ በአሜሪካ የትምህርት ሕግ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲታይ ትንሽ ነው። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለመማር የሌላ ሰው እጅ የግድ ካስፈለገው፣ የዚያን ሰው ደመወዝ ማን ይክፈል? አሜሪካን የመረጥሁት ጥያቄው በዚያ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ በፊት መልሱ «ያለው ይክፈል» የሚል ነበር። ሄለን ኬለር በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ እስክትመረቅ ድረስ አን ሱሊቫን በክፍል አጠገቧ ተቀምጣ የመምህራኑን ቃል በጣቶቿ መዳፏ ላይ ትጽፍላት ነበር። ለትምህርቷ ገንዘብ የሰጠው የነዳጅ ባለጸጋው ሄንሪ ሮጀርስ ነው። ስለ ሁለቱ ሴቶች ብርታት ስናወራ ይህን ከፋይ እንዘነጋዋለን፤ ለታሪክ ተማሪ ግን ዋናው ሰው እርሱ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ደጋፊ ያላገኙት ልጆች ዕጣ ምን እንደነበር የ1975ቱ ሕግ ራሱ ይነግረናል፤ ኮንግረሱ 1 ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ ውጭ መሆናቸውን በሕጉ ውስጥ አስፍሯል።

ሕጉ ለእነዚህ ልጆች ነፃና ተገቢ ትምህርት፣ ከእርሱም ጋር «ተዛማጅ አገልግሎት» እንዲሰጥ አዘዘ። አንድ ገደብ ግን አኖረ፤ የሕክምና አገልግሎት የሚሸፈነው ለምርመራና ለግምገማ ሲሆን ብቻ ነው። የኋለኛው ክርክር ሁሉ የመነጨው ከዚህች ሐረግ ነው።

በቴክሳስ፣ በኧርቪንግ ከተማ፣ ስፓይና ቢፊዳ ይዟት የተወለደች አምበር ታትሮ የምትባል ሕፃን ነበረች። ሽንቷ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ በካቴተር መውጣት ነበረበት። ሥራው ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይማረዋል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድሟ ሳይቀር ይችለው ነበር። የትምህርት አስተዳደሩ ግን «ይህ ሕክምና ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 አልተቀበለውም። ሕጉ ያገለለው በሐኪም ብቻ የሚሠራውን ነው፤ ነርስ ወይም የሠለጠነ ሰው የሚሠራው ግን ልጁ በትምህርት ሰዓት ያለ እርሱ መማር ካልቻለ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው አለ።

መለኪያው የሥራውን ክብደት ሳይሆን የሠሪውን ማዕረግ የሚያይ በመሆኑ ግራ የሚያጋባ ይመስላል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ለመተርጐም የማያስቸግር ስለ ሆነ ደካማው ወገንም ሊጠቀምበት ይችላል።

መለኪያው የተፈተነው በአይዋ ግዛት፣ በሲዳር ራፒድስ ነው። መዝገቡ ጋሬት ኤፍ. የሚለው ልጅ በ4 ዓመቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ አእምሮው ግን አልተነካም። በመሣሪያ ይተነፍሳል፤ የመተንፈሻ ቱቦው መጠረግ አለበት፤ መሣሪያው ሲፈተሽ አንድ ሰው በእጁ አየር እየገፋ ያስተነፍሰዋል። በመዋዕለ ሕፃናት ሳለ ይህን የምትሠራው የ18 ዓመት አክስቱ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከካሣውና ከኢንሹራንሱ ገንዘብ ነርስ ቀጠረ። እናቱ በ1993 ትምህርት ቤቱ ወጪውን እንዲረከብ ጠየቀች፤ አስተዳደሩም የማያቋርጥ የአንድ ለአንድ ነርስ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ተከራከረ።

በ1999 ከ9ኙ ዳኞች 7ቱ ለልጁ ፈረዱ። ወጪ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ሕጉ እንዲህ አይልምና። ዳኛ ቶማስ በልዩነት ሐሳባቸው፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ግዛት የሚገባበትን ግዴታ አስቀድሞ በግልጽ ማወቅ አለበት ብለዋል። ይህን ሐሳብ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የወረዳው የገንዘብ ጭንቀት እውነተኛ ነበር፤ ቅሬታው ግን በአንድ ልጅ ላይ ከመውደቅ ይልቅ ዋሽንግተን መድረስ ነበረበት። ኮንግረሱ በ1975 ከአገሪቱ አማካይ የአንድ ተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ድጎማ በሕጉ ውስጥ ጽፎ ነበር። ያን መጠን አንድም ዓመት አልከፈለም።