ኮምፕረሰር፣ የቤት ውስጥ አያያዙ
ኮምፕረሰር፣ በጎሚስታ ደጃፍ ሲንደቀደቅ የሚሰማው፣ አየርን በፒስተን አምቆ በብረት ጋን የሚያከማች መኪና ሲሆን፣ በቤቱ የሚገለገልበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቀው የሚገባ ጠላት ውኃ ነው፤ በአየር ውስጥ ኅቡእ ሆኖ የሚኖረው እንፋሎት እስከ 8 ባር ታምቆ ሲበርድ ወደ ጠል ተለውጦ ከጋኑ ሥር ይረጋልና፣ ካልፈሰሰም ብረቱን ዓይን በማያየው ዝገት ከውስጥ እየበላ፣ ግድግዳውን አቅጥኖ ለፍንዳታ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ግፊቱን ቀንሶ የታች ማፍሰሻውን መክፈት ይገባል፤ በመጀመሪያ የዝገት መልክ ያለው ውኃ እየተንፎለፎለ ይወጣል፣ ቀጥሎም ደረቅ ነፋስ ብቻ ይሰማል። የፒስተኑ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና ይለወጥ። የደኅንነት ቫልቩን መድፈን ወይም የነቃ ጋን በብየዳ መለጠፍ ግን፣ ነፍስን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ ፈጽሞ አይገባም።