ከሰኮና ሥራ በኋላ ፈረስን መጋለብና ማሠራት

ከሰኮና ሥራ በኋላ ፈረስን መጋለብና ማሠራት ማለት ሰኮናው የተከረከመ ወይም የብረት ጫማ የተደረገለት ፈረስ ወደ ግልቢያ፣ ወደ ጋሪ ወይም ወደ ጭነት ሥራው የሚመለስበት ሂደት ነው። ጤናማ ፈረስ ሥራው በትክክል ከተሠራለትና የሰኮናው ቅርጽ ብዙ ካልተለወጠ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ መሥራት ይችላል። ጫማው የተነቀለ፣ የእግሩ አቋም የተስተካከለ ወይም ሰኮናው የታመመ ፈረስ ግን ከጥቂት ቀናት እስከ ብዙ ወራት ዕረፍትና ቀላል ሥራ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም ፈረስ የሚሆን አንድ የዕረፍት ቀን ቁጥር የለም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም በሰኮናው ላይ የተደረገው ለውጥ መጠንና ከሥራው በኋላ የሚታየው የፈረሱ አካሄድ ናቸው።

የሰኮና አሠራር

ሰኮና የፈረስን የእግር ጣት ጫፍ የሚሸፍን ጠንካራ አካል ሲሆን፣ የውጭው ግድግዳ እንደ ሰው ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ግድግዳው ነርቭም የደም ሥርም ስለሌለው በትክክል ሲከረከም ወይም ሚስማር ሲገባበት ፈረሱን አያመውም። ከግድግዳው በስተ ውስጥ ግን በደም ሥርና በነርቭ የተሞላ ሕያው ሥጋ አለ፤ ከዚያም በስተ ውስጥ የሰኮናው አጥንት ይገኛል።

ሰኮናው ተነሥቶ ከሥሩ ሲታይ በግድግዳውና በወለሉ መካከል ነጭ መስመር የሚባል ፈዘዝ ያለ ቀለበት አለ። ይህ መስመር ሕያው ክፍል የት አካባቢ እንደሚጀምር ለባለሙያው ያመለክተዋል፤ ሚስማር የሚገባው ከመስመሩ በስተ ውጭ ባለው ግድግዳ ብቻ ነው። በወለሉ መሀል ጠንካራ ጎማ የመሰለ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል ይገኛል። ፈረሱ መሬት ሲረግጥ ይህ ክፍልና ተረከዙ በመጠኑ እየሰፉ ግጭቱን ያበርዳሉ።

ግድግዳው በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከላይ ከፀጉሩ ወሰን ተነሥቶ እስከ ፊተኛው የሰኮና ጫፍ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። በመሆኑም ከልክ በላይ የተቆረጠ ሰኮና በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ ፈረሱም ሰኮናው እስኪያድግ ድረስ ጉዳቱን ይዞ ይኖራል።

የሰኮና ባለሙያ ሥራ

የሰኮና ባለሙያ የፈረስን ሰኮና የሚከረክምና የብረት ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው። ዋና መሣሪያዎቹ የሰኮና ቢላ፣ መቁረጫ ጉጠት፣ ሞረድና መዶሻ ናቸው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይደገማል።

ክርከማ የሚባለው ያደገውን ግድግዳ መቁረጥ፣ ገጹን በሞረድ ማስተካከልና የሰኮናውን ሁለት ጎኖች ማመጣጠን ነው። የብረት ጫማ ሲደረግ ደግሞ ብረቱ እንደ ሰኮናው ቅርጽ ይታጠፍና አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በሚሆኑ ሚስማሮች ይያያዛል። ሚስማሩ ከሥር ገብቶ በግድግዳው ጎን ይወጣል፤ የወጣው ጫፉም ተቆርጦ ወደ ታች ይታጠፋል። ተረከዙ ሲረግጥ መስፋት ስላለበት በሰኮናው የኋላ ክፍል ሚስማር አይመታም።

ወደ ሥራ የሚመለስበት ጊዜ

መደበኛ ክርከማ። ያለ ጫማ የሚሄድና በየጊዜው የሚከረከም ጤናማ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ዕረፍት አይፈልግም። ሆኖም የወለሉ ውፍረት በመጠኑ ስለሚቀንስ፣ ለ1 ወይም 2 ቀን ጠጠር በበዛበት መንገድ ላይ ጠንቀቅ ብሎ ሊረግጥ ይችላል። በእነዚህ ቀናት ለስላሳ መሬት ላይ መጋለብ ይሻላል።

ጫማን መቀየር። አሮጌው ጫማ ወጥቶ ተመሳሳይ አዲስ ጫማ የተደረገለት ፈረስ በዚያው ዕለት ቀላል ሥራ ሊሠራ ይችላል። ብዙ ፈረሰኞች ግን ከባድ ግልቢያን ለማግስቱ ያቆዩታል። ምክንያቱ በሚስማር የተነሣ ሕመም ወዲያውኑ ላይታይ ስለሚችል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ማድረግ። ብረቱ በእግሩ ላይ ክብደት ስለሚጨምር የፈረሱ እርምጃ ይለወጣል። የኋላ እግሩ የፊት እግሩን ጫማ ረግጦ ሊነቅለውም ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት በእርምጃና በአጭር ሶምሶማ ብቻ ይለማመዳል።

ጫማን ነቅሎ መተው። ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ በብረት የተጠበቀ ወለል ቀጭንና ስስ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳውም በአሮጌ የሚስማር ቀዳዳዎች የደከመ ነው። ቀዳዳዎቹ አድገው እስኪወገዱ ወራት ያስፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ፈረሱ በሣርና በአፈር ላይ ቀስ በቀስ ይሠራል፤ ለድንጋያማ መንገድ እየወለቀ የሚደረግ የጎማ ወይም የፕላስቲክ የሰኮና ቦት መጠቀም ይቻላል።

የአቋም ለውጥ። ለረጅም ጊዜ ሳይከረከም የቆየ ሰኮና በአንድ ጊዜ አጥሮ ሲስተካከል ጅማቶችና አንጓዎች ላይ የሚያርፈው ጫና ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ባለሙያ ትልቁን ለውጥ በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ በተከታታይ ክርከማዎች ይከፋፍለዋል። በየመካከሉም ሥራው ቀላል መሆን አለበት።

ከመጋለብ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ኮርቻ ከመጫኑ ወይም ጋሪ ከመጠመዱ በፊት የሚከተሉትን ማየት ይመከራል፦

- አቋቋም፦ ጤናማ ፈረስ ሲያርፍ የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ ሊያሳርፍ ይችላል። አንዱን የፊት እግር ወደ ፊት ዘርግቶ ደጋግሞ የሚያሳርፍ ከሆነ ግን ሕመም ሊኖር ይችላል።
- ሙቀት፦ አራቱንም ሰኮናዎች በመዳፍ እየነኩ ማወዳደር ያስፈልጋል። ከሌሎቹ የበለጠ የሚሞቅ ሰኮና ትኩረት ይፈልጋል።
- የደም ሥር ምት፦ ከሰኮናው በላይ ካለው አንጓ በስተ ኋላ፣ በሁለቱ ጎኖች በጣት ሲዳሰስ የደም ሥር ይገኛል። በጤናማ እግር ምቱ ደካማ ነው፤ ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ ሰኮናው ውስጥ ብግነት መኖሩን ይጠቁማል።
- የጫማው ሁኔታ፦ ብረቱ ሳይላላ ከግድግዳው ጋር መግጠሙ፣ የታጠፉት የሚስማር ጫፎች አለመነሣታቸው ይታያል።
- አካሄድ፦ ፈረሱ ያለ ጋላቢ፣ በገመድ ተይዞ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ በእርምጃ ከዚያም በሶምሶማ ይሄዳል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመውን እግር ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤናማውን ሲረግጥ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል።

የፊት እግሮች ከፈረሱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ስለሚሸከሙ አብዛኛው የማንከስ ችግር የሚታየው በእነሱ ላይ ነው። የሚያነክስ ፈረስ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይጋለብም። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ማሠራትም አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ስሜቱን ይሸፍነዋል እንጂ ጉዳቱን አያቆመውም።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች

የተወጋ ሰኮና። ሚስማሩ ወደ ሕያው ሥጋ ከገባ ፈረሱ ወዲያውኑ እግሩን ይነጥቃል፤ ደምም ሊታይ ይችላል። ሚስማሩ በፍጥነት ወጥቶ ቀዳዳው በፀረ ተሕዋስያን መጽዳት አለበት።

የተጠጋ ሚስማር። ሚስማሩ ሕያው ሥጋውን ሳይወጋ ተጠግቶ ከተጫነው ሕመሙ ዘግይቶ ይመጣል። ፈረሱ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሄዶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊያነክስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጫማ የተደረገለት ፈረስ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይታያል። መፍትሔው ባለሙያው ተመልሶ የትኛው ሚስማር እንደሆነ መለየትና መንቀል ነው።

በሰኮና ውስጥ የሚቋጥር መግል። ቆሻሻና ባክቴሪያ በሚስማር ቀዳዳ ወይም በነጩ መስመር ሲገባ መግል ይፈጠራል። ግድግዳው ስለማይለጠጥ ግፊቱ ከፍተኛ ሕመም ያስከትላል፤ ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ እግሩን መርገጥ ሊያቅተው ይችላል። ችግሩ ሰኮና በሚለሰልስበት በዝናብ ወቅት ይበረታል። ሕክምናው መግሉን ማፍሰስና ሰኮናውን በንጽሕና ማሸግ ሲሆን በእንስሳት ሐኪም መሠራት አለበት።

ከልክ ያለፈ ክርከማ። ወለሉ በጣም ከሳሳ ፈረሱ በአራቱም እግሩ እየተሳቀቀ ይረግጣል። ዕረፍት፣ ለስላሳ ጉዝጓዝና የሰኮና ቦት ይረዱታል፤ ዋናው መድኃኒት ግን ጊዜ ነው።

መንጋጋ ቆልፍ። ፈረስ ለዚህ በሽታ (ቴታነስ) በጣም ተጋላጭ ከሆኑ እንስሳት አንዱ ነው። አምጪው ባክቴሪያ በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ በጠባብ ቁስልም ይገባል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፦ አካሄድ ይደርቃል፣ ጅራት ይነሣል፣ መንጋጋ ይገጥማል። በሽታው ከጀመረ በኋላ ብዙ ፈረሶች ይሞታሉ፤ በክትባት ግን መከላከል ይቻላል። ሰኮናው የተወጋ ፈረስ ክትባቱ ወቅቱን የጠበቀ መሆኑ ወዲያውኑ መታወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የመሬትና የሥራ ዓይነት

አንድ ፈረስ በሣር ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ በጠጠር መንገድ ላይ ሊያነክስ ይችላል። የመጀመሪያው ግልቢያ አጭርና ደልዳላ መሬት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሽምጥ ግልቢያ፣ ዝላይና ረጅም ቁልቁለት ለቀጣዩ ጊዜ ይቆያሉ። አስፋልት ላይ ብረት ስለሚያንሸራትት፣ በተለይ ቁልቁለትና እርጥብ መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ጠንካራ መሬት ላይ ረጅም ሶምሶማ በአንጓዎች ላይ የሚያርፈውን ንዝረት ይጨምራል።

በመንገድ ላይ ጫማው የወለቀ ወይም የተጣመመ ፈረስ መጋለብ የለበትም። ጋላቢው ወርዶ ይስበዋል፤ ሰኮናውም በወፍራም ጨርቅ ወይም በጆንያ ይጠቀለላል። የተጣመመ ብረት ካለ ሚስማሩ ወለሉን እንዳይወጋው ሰው በጥንቃቄ ቢያወጣው ይሻላል።

ታሪክ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረሰኛነት በጻፈው መጽሐፍ፣ የፈረስ ሰኮና እንዲጠነክር በጋጣው ደጅ ድንጋይ እንዲነጠፍ መክሯል። ሮማውያን በእግር ላይ የሚታሰር የብረት ጫማ ነበራቸው። በሚስማር የሚመታ ጫማ በአውሮፓ በሰፊው የተለመደው በመካከለኛው ዘመን ነው። በለንደን የሰኮና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1356 ተመሠረተ። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው የፈረስ ጫማ እንዳያደርግ ከልክሏል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አብዛኞቹ የጋማ ከብቶች ያለ ብረት ጫማ ይሠራሉ። በገጠር ሰኮናው በድንጋያማ መንገድ ራሱን ይሞርዳል፤ ሆኖም መሞረዱ ሁልጊዜ እኩል ስላልሆነ አንዱ ጎን ረዝሞ እግሩ ሊጣመም ይችላል።

የከተማ ጋሪ ፈረስ ሁኔታ የተለየ ነው። በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ሰኮናው በፍጥነት ያልቃል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ በዕለት ገቢ ስለሚኖር አንድ ቀን ማሳረፍ ይከብደዋል። ነገር ግን ከክርከማ በኋላ በሕመም ላይ የሚጎተት ጋሪ የአንድ ቀኑን ዕረፍት ወደ ሳምንታት ሊያራዝመው ይችላል። ስለዚህ ክርከማውን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ቀን ዋዜማ፣ ከሥራ መልስ ማድረግና በማግስቱ ጭነት መቀነስ ጠቃሚ ዘዴ ነው።

በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ብዙ ፈረሰኞችን ያሰባስባል። ለእንዲህ ዓይነቱ በዓል፣ ለጉግስ ወይም ለእሽቅድምድም የሚዘጋጅ ፈረስ ሰኮናው በዋዜማው ሳይሆን ቢያንስ ከ1 ሳምንት በፊት ቢከረከም፣ ስህተት ቢኖር እንኳ ለማየትና ለማረም ጊዜ ይገኛል።

የሰኮና ሕክምናና ሥልጠና በእንስሳት ጤና ጣቢያዎችና በቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ይሰጣል። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉ ድርጅቶችም በኢትዮጵያ ለጋማ ከብቶች ጤና ሠርተዋል። ከላይ የተገለጹት መርሆዎች ለበቅሎና ለአህያም ያገለግላሉ፤ ነገር ግን የአህያ ሰኮና ከፈረስ ይልቅ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ በፈረስ ቅርጽ አይከረከምም።