የቤት ተረትና የመጀመሪያው ንባብ በወለጋ

ሕፃን ልጅን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤቱ ፊደል የማስተዋወቅ ጉዳይ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ ሥዕል ሰንጠረዥ ነው። በወለጋ ግን ጉዳዩ ከዚህ የራቀ ታሪክ አለው፤ በዚያ ለንባብ ትምህርት የዋለው የመጀመሪያው የኦሮምኛ መጽሐፍ በአብዛኛው የተሠራው በቤት ውስጥ ከሚነገር ቃል ነበርና።

ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በለጋ ዕድሜያቸው በባርነት ተወስደው በኋላ ነፃ የወጡ ናቸው። በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1894 «ጀልቀባ በርሲሳ» የተባለውን የጀማሪዎች ማንበቢያ በግእዝ ፊደል አሳተሙ። አስቴር በልጅነት የሰሟቸውን ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች እያስታወሱ 500 ያህል ሰብስበው ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጽሐፉ ገብተዋል። ስለዚህ ጀማሪው አንባቢ ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆንበት ምልክቱ ብቻ ነው። ለዚህ አሠራር የሥነ ትምህርት ሊቃውንት ልዩ ልዩ ስም አውጥተውለታል፤ አስቴር ግን ስም ሳይፈልጉለት ሠርተውታል።

ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ሲመጡ የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ በሕዝቡ ቋንቋ መስበካቸው ክስ ስላስከተለባቸው እ.ኤ.አ. በ1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ግን እንዳይሰብኩ ብቻ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ። ስብከቱ ሲታገድ ማስተማሩ ቀጠለ።

ይህን ስንል የቤተ ክህነቱን ፊደል ቆጠራ ዋጋ ማሳነሳችን አይደለም። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ» ሲል ዜማውን በቃሉ ይዞ ምልክቱን ሳይለይ ሊያልፍ እንደሚችል የጥንት መምህራን ያውቁ ነበር። ቅደም ተከተሉን ለውጦ የሚያስነብበው «አቡጊዳ» ይህንኑ ለማረም ይረዳል። ዛሬ በዜማ ብቻ ፊደል ለሚያስጠኑ ወላጆች ይህ ጥሩ ትምህርት በሆናቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የመደበኛው ትምህርት ቤት ቋንቋ አማርኛ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን እየሰፋ ሄዶ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል አስተማረ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ለኦሮምኛ ቁቤ ተመረጠ። ለምርጫው ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ግልጽ ነው፤ «በዳ» የሚለው ጽሑፍ «ደ» ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ይህን አይለይም። ቁቤ ይለየዋል። በአንጻሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ አያትና የልጅ ልጅ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ የተሳናቸው ሆኑ። የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅታችን ይህን ክፍተት እስከ ዛሬ በቂ ትኩረት ሰጥቶታል ለማለት ይህ ጸሐፊ አይደፍርም። ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት ይርዱ እያልን በየመመሪያው ስንጽፍ በየትኛው ጽሕፈት የተማሩትን ወላጆች ማለታችን እንደሆነ አልጠየቅንም።

በጉቶ ጊዳ ወረዳ ይህ ጸሐፊ በገባበት አንድ ቤት ሦስት ዓመት የሆናት ሕፃን ከእናቷና በዘመቻው ጊዜ ማንበብ ከተማሩት አያቷ ጋር ጭቃ ታቦካለች። (የበቆሎ ፍሬ ደርድሮ ፊደል መሥራትም የተለመደ ነው፤ ያገኘውን ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን ግን ጭቃው ይሻላል።) አያቲቱ እንቆቅልሽ ጠየቁ፤ ልጅቷም ከጥቂት ግምት በኋላ መልሱን አገኘችው፤ ቅቤ፣ በኦሮምኛ «ዸዻ»። እናትየው የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ለመጻፍ ሁለት የቁቤ ፊደላት ከጭቃ ቀርጻ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አያቲቱ ጥቂት ተመልክተው ከቀረው ጭቃ አንዲት «ዸ» ሠሩና አጠገባቸው አኖሩ። ልጅቷ ሁለቱን እየነካች ድምፁን አሰማች፤ ሦስተኛዋንም ነክታ ያንኑ ድምፅ ደገመች።