ዝንጀሮዎቹ እስኪሰለቹን ድረስ

ቺምፓንዚ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ጫካ ገብታ ቺምፓንዚዎቹን ቀስ በቀስ እንዴት እንዳቀረበቻቸው ስናነብ የሌላ አገር ታሪክ ይመስለናል። ግን በዚያው ዓመት ሃንስ ኩመር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ፍሬድ ኩርት ጋር ኤረር መጣ። ኤረር ከናዝሬት ተነስቶ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ የሚገባው የድሮው ባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ነች። የመጡት ሃማድራያስ የሚባለውን፣ ወንዱ ግራጫ ጎፈር ያለውን ዝንጀሮ ለማጥናት ነው።

ለዝንጀሮ ብሎ ባሕር መሻገር እኛን ያስቃል። እኛ ልጅ ማሳ ላይ የምናቆመው ዝንጀሮ እንዲያባርር እኮ ነው። ዝንጀሮውም ይህን ያውቃል፤ ሰው ሲያይ ቀድሞ የሚታየው ድንጋይ ነው።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» እንዳለችው ዝንጀሮ፣ የዚህ ሥራ ተመራማሪም መጀመሪያ የሚፈልገው መቀመጫ ነው። ሃማድራያስ ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወርዶ ብዙ ኪሎ ሜትር ሲግጥ ውሎ ማታ ይመለሳል። ሰውየው ገደሉ በሚታይበት ቦታ፣ ሳይደበቅ፣ በየቀኑ ይቀመጣል። አይሮጥም። ዓይን ለዓይን አያፈጥም፤ በዝንጀሮ ቋንቋ ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ምግብ አይሰጥም። ዛሬ ከሸሹበት ርቀት ነገ ትንሽ ይቀርባል፤ ከተረበሹ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ግቡ መወደድ አይደለም። የለመደ ዝንጀሮና ለማዳ ዝንጀሮ ይለያያሉ። ለማዳው ወደ አንተ ይመጣል፤ የለመደው ግን አንተን ከቁም ነገር አይቆጥርህም። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ መለኪያው ራሱ ፕሮግራሙን ካዘገየው የምናገኘው ቁጥር ውሸት ነው። ተመልካቹን እየፈራ የሚበላ ዝንጀሮም የሚያሳየው ፍርሃቱን እንጂ ኑሮውን አይደለም።

ኩመር በዚህ ትዕግስት ያየው ነገር ከሩቅ አይታይም። ከሩቅ መንጋ ነው። ከቅርብ ግን አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ቤተሰብ ናቸው፤ ቤተሰቦቹ ተሰባስበው ጭፍራ ይሆናሉ፤ ብዙ ጭፍራ ደግሞ አንድ ገደል ተጋርቶ ያድራል። ሴቷ ከራቀች ወንዱ ያፈጥባታል፣ ካልተመለሰች ማጅራቷን ይነክሳል። በኋላ እሱና ባልደረቦቹ አኑቢስ የሚባለውን ሌላ ዝርያ ሴቶች ወስደው ሃማድራያስ መሃል ለቀቁ። በአኑቢስ ዘንድ ሴት ወንድ የመከተል ግዴታ የለባትም። እነዚህ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ መከተል ተማሩ። የሃማድራያስ ሴት አኑቢስ መሃል ስትገባ ደግሞ መከተሏን ተወች። ይህን ሳነብ ስለ ዝንጀሮ ብቻ ማሰብ አልቻልኩም፤ ያም ሆኖ ወደ ሰው ላዞረው አልፈልግም።

ሁለቱ ዝርያዎች በተፈጥሮ የሚገናኙት ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ነው። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ፣ ወደ ታች ሃማድራያስ፣ መሃል ላይ ድቅሎች። እዚያ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንስሳቱን በወጥመድ እየያዙ፣ አደንዝዘው ደም እየወሰዱ መልሰው ለቀቁ። ደም ለዘር ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ማን ማንን ይከተላል ለሚለው ግን አሁንም መቀመጥ ያስፈልግ ነበር፤ ላሪሳ ስዌዴል በ1996 በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ቦታው በጥናቶቹ ላይ «ፊሎሃ» ተብሎ ይጻፋል፤ የራሳችን ፍልውሃ ነው።

መልመድ ዋጋ አለው። ዝንጀሮ የተመራማሪን ወረቀት አያነብም፤ አንዱን ሰው መፍራት ከተወ ሌላውንም ሊተው ይችላል። ምግብ ሲጨመርበት ይባስ ይሆናል። ጎምቤም ቺምፓንዚዎቹን ለማቅረብ ሙዝ ይሰጥ ነበር፤ በሙዙ ዙሪያ ጠቡ በዛ፣ በኋላም አሠራሩን ለመቀነስ ተገደዱ።

ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመተሐራ–አዋሽ አስፋልት ላይ ግን ማንም ማስታወሻ ሳይዝ ማላመዱ ቀጥሏል። መኪና ይቀንሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ስልክ ይወጣል፣ ሙዝ ይወረወራል። ቀጥሎ የሚመጣው ጅቡቲ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው፤ እሱ አይቀንስም።