የስሜን በረዶና የላማልሞ ናዳ

በአብርሃ ጅራ ቆላ ሐሩር ሲያቃጥለው ለዋለ ሰው፥ በስተ ምሥራቁ በስሜን ተራራ እግርን እስከ ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ ነበረ ብንለው ተረት ይመስለው ይሆናል። ወሬውን ያገኘነው ግን ከድንጋይ ጽሕፈት ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ በገለበጠው የግሪክ ጽሕፈት፥ ስሙ የጠፋብን የአክሱም ንጉሥ ስሜንን እንዳስገበረ ሲናገር ይህንኑ በረዶ ያነሣል።

ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ላማልሞን ወጥቶ ጎንደር ቢገባም፥ በአገሩ አመዳይ አላየሁም አለ፤ ሶልት ግን በ1802 ዓ.ም. ከተከዜ በኩል ሆኖ ጫፉ ነጥቶ አየው። እኛም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርና እንደ ጥጥ የሚረግፈውን ሁለቱንም በረዶ ስለምንል ክርክሩን አላቀለልነውም።

ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ቢልም የወረደበት በረዶ ቶሎ ይቀልጣል። ስለዚህ በአውሮፓ በአልፕስ ተራራ እንደሚሆነው፥ የተነባበረ በረዶ ከተዳፋቱ ተላቆ መንገደኛ የሚቀብርበት ናዳ በእኛ ዘንድ አያሰጋም። የሚያሰጋው የአፈርና የድንጋይ ናዳ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው በላማልሞ፥ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርበው ባወጡት መንገድ ላይ፥ የክረምት ውሃ የጠገበ መሬት ድንገት ይናዳል። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ተከዜ ሲሞላ ጉዞ አቋርጠው ይከርሙ ነበር፤ ዛሬ ባለመኪናው ይህን ትዕግሥት ከስንፍና ይቈጥረዋል። ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ባደረ ገደል ሥር መኪና አቁሞ ምሳ መብላት ግን ድፍረት አይባልም፤ ጠጠር ከላይ መንጠባጠብ ከጀመረማ ወደ መጡበት መመለስ ነው።